ከባሕር ኤሊዎች ጋር በኃላፊነት መዋኘት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሡ ጀማሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ባሕር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው በወሬ ደረጃ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጦሳ ሥር ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ደሴን ከአሰብ ወደብ ያገናኘ መንገድ ነው፤ ዛሬም ከጅቡቲ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪኖች ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚወጡት በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለ ባሕሩ ዳርቻ ሙቀትና ወበቅ የሚያወራ ሾፌር ወይም ነጋዴ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ከሥር ያለውን ያየ ግን ጥቂት ነው። ለሥራም ሆነ ለእረፍት ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ኬንያ ጠረፍ፣ ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ ግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ የሄደ ሰው በአስጎብኚ የሚመራ የኤሊ ጉብኝት መቅረቡ አይቀርለትም፤ የሚቀርብለትም ስኖርክል ነው፤ ይኸውም የውኃ መነጽር አድርጎ፣ አንደኛው ጫፍ በአፍ ተይዞ ሌላኛው ከውኃ በላይ በሚቆም ቱቦ እየተነፈሱ፣ በውኃው ገጽ ላይ በደረት ተንሳፎ ወደ ታች መመልከት ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ላለው ተጓዥ የተጻፈ ሲሆን፣ የሚጀምረውም ከጉዞው ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የባሕር ኤሊ የምትታወከው በአብዛኛው ክፉ ባሰበ ሰው አይደለም፤ ውኃ ውስጥ መረጋጋት ባልቻለ ሰው ነው። የደነገጠ ሰው እግሩን ያወራጫል፣ ለመቆም ሲል ኮራል (ድንጋይ የሚመስል ሕያው የባሕር ፍጥረት) ይረግጣል፣ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፤ «አትንኩ» የሚለው ትእዛዝ በዚያች ሰዓት ጆሮው አይገባም። ስለዚህ ለኤሊዋ ከሚደረገው ጥንቃቄ ትልቁ ክፍል የሚፈጸመው እዚሁ ደጋ ላይ ነው።

ስለ እንስሳዋ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው

በዓለም ላይ 7 የባሕር ኤሊ ዝርያዎች አሉ። በቀይ ባሕር፣ በጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጎብኚው በአብዛኛው የሚያገኘው ከእነዚህ ሁለቱን ነው። አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ጭንቅላቷ ድቡልቡል ሲሆን፣ ካደገች በኋላ ዋና ምግቧ የባሕር ሣር ስለሆነ ሣር ባለበት አሸዋማ ወለል ላይ ትገኛለች። ሆክስቢል የምትባለው ደግሞ አፏ እንደ ጭልፊት ምንቃር የሾለ፣ የጀርባዋ ቅርፊት ሰሌዳዎች አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ናቸው፤ ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ስለምትመገብ በኮራል መካከል ትዘዋወራለች።

ሁለቱም አየር የሚተነፍሱ ተሳቢ እንስሳት መሆናቸውን ጎብኚው ለአፍታም ሊዘነጋ አይገባም። ኤሊዋ ስትመገብና ስትንቀሳቀስ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ውኃው ገጽ ወጥታ መተንፈስ አለባት፤ ተኝታ ስታርፍ ግን ለሰዓታት ከታች ልትቆይ ትችላለች። መውጣት በፈለገች ጊዜ ከላይዋ ሰው ቢያጋጥማት፣ ወይም በየደቂቃው እየተባረረች እንድትሸሽ ብትገደድ፣ ያጠራቀመችውን አየር በከንቱ ትጨርሳለች። መረብ ውስጥ የገባች የባሕር ኤሊ ሰምጣ የምትሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጥበቃ ደረጃቸውም አንድ አይደለም። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ሆክስቢል ለመጥፋት እጅግ በቀረቡት እንስሳት ክፍል ውስጥ ትገኛለች። አረንጓዴዋ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ቆይታ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. በዓለም ደረጃ ሥጋቷ አነስተኛ ወደሆነው ክፍል ተዛውራለች። ይህ መልካም ዜና የተገኘው ጥበቃው ስለ ሠራ ነው፤ ሆኖም አረንጓዴ ኤሊ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ኖራ ስለሆነ፣ በየአካባቢው ያለ አንድ ጉዳት ቶሎ አይተካም።

ልምምድ በኮምቦልቻ ገንዳ

የመጀመሪያው ሥራ ለልምምድ የሚሆን ውኃ ማግኘት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ ገንዳዋ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ደግሞ ትንፋሽን ያቆራርጣልና ለጀማሪ አይመከርም። ሐረጎን ወርዶ ወደ 1,850 ሜትር በምትገኘው ኮምቦልቻ፣ የመዋኛ ገንዳ ባለው ሆቴል፣ በቀትር ሰዓት መለማመድ ይሻላል። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ሐይቅ ነው፤ ለዓይን የሚማርክ ውኃ ቢሆንም ጥልቅ ነው፣ በአካባቢውም የብልሃርዝያ በሽታ መኖሩ ይታወቃል። ስለዚህ ለዚህ ዓላማ ይተውት።

ዋና የማይችሉ ከሆነ በቅድሚያ ከአሠልጣኝ ጋር መንሳፈፍን ይማሩ። ከዚያ በኋላ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው መነጽሩንና ቱቦውን ያድርጉ፤ ጎንበስ ብለው ፊትዎን ብቻ ውኃ ውስጥ በመድፋት በአፍዎ ይተንፍሱ። ወደ ውስጥ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ሲያስወጡ ደግሞ አስረዝመው ያስወጡ። አፍንጫ በመነጽሩ ስለሚታፈን መጀመሪያ ላይ ደረት መጨናነቁ የተለመደ ነው፤ ያ ስሜት እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው ልምምድ አይለፉ፤ አንዳንዱን ሰው ይህ ብቻ ሙሉ ቀን ሊወስድበት ይችላል።

ቀጥሎ እጅዎን ዘርግተው፣ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ በደረትዎ ይንሳፈፉ። የሰው ሳንባ አየር ሲሞላ አካሉ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ይህን አካልዎ አምኖ ሲቀበለው መወራጨቱ ይቀራል። ከዚያም ጭንቅላትዎን ጠለቅ አድርገው ቱቦው ውኃ እንዲገባበት ያድርጉና በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ውኃውን ወደ ላይ ይግፉት፤ ከገፉት በኋላ የሚስቡት የመጀመሪያው አየር ቀስ ያለ ይሁን፤ የቀረ ጠብታ ሊኖር ይችላልና። መነጽር ውኃ ሲገባበት ግን ጀማሪ በቀላሉ ቀጥ ብሎ፣ ራሱን ከውኃ አውጥቶ፣ የታችኛውን ጠርዝ ከፍ በማድረግ ያፍስሰው።

ከዚያ የሚከተለው ፊን የሚባለው፣ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋው የመዋኛ ጫማ ነው። ርግጫው ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ ይነሣል፤ ዝግ ያለና ከውኃው ገጽ በታች የሚቀር፣ ውኃ የማያንቦጫርቅ መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ይለማመዱ፤ በእጁ የሚቀዝፍ ሰው ኤሊ አጠገብ ሲደርስም እጁ መዘርጋቱን አይተውም። የመጨረሻውና ብዙ ሰው የማይለማመደው ጥበብ መቆም ነው። እየዋኙ ሳለ ወለሉን ሳይረግጡ፣ ምንም ሳይዙ፣ ባሉበት ረግቶ መቆየትና ወደኋላ መመለስ ይቻልዎ እንደሆነ ይፈትሹ። በገንዳ ውስጥ ወለልና ግድግዳ ሳይነኩ ሩብ ሰዓት መቆየት ከቻሉ ለጉብኝቱ ብቁ ነዎት ማለት ይቻላል። ካልቻሉም ጉዞውን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለብሰው፣ ከአስጎብኚው አጠገብ ሳይለዩ፣ ወለሉ ላይ ኮራል በሌለበት ስፍራ ብቻ ይገባሉ።

የመነጽር ምርጫ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ማሰሪያውን ሳያደርጉ መነጽሩን ፊትዎ ላይ ለጥፈው በአፍንጫዎ በትንሹ አየር ይሳቡ፤ እጅዎን ሲለቁት ሳይወድቅ ከቆየ ለፊትዎ ይሆናል። ወፍራም ጢም ባለበት የላይኛው ከንፈር ውኃ ይገባል። ሹሩባ የተሠራች ወይም ፀጉሯን የሸፈነች ሴት የመነጽሩ ለስላሳ ጠርዝ በቆዳዋ ላይ ብቻ ማረፉን፣ ከሥሩ አንዲት የፀጉር ዘለላ ወይም የጨርቅ ጫፍ አለመግባቷን ታረጋግጥ፤ ማሰሪያው በሹሩባውም በሻሹም ላይ ቢያልፍ ችግር የለውም። ሙሉ አካልን የሚሸፍነው የመዋኛ ልብስ በወሎ ለብዙ እኅቶቻችን በሃይማኖት ምክንያት ተመራጭ ነው፤ ከፀሐይ ስለሚጠብቅና የቅባትን ፍጆታ ስለሚቀንስ ለወንዶቹም ቢሆን ብልህ ምርጫ ይመስለኛል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን አዲስ ዓይነት መነጽር ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ በድንጋጤ ሰዓት ፈጥኖ ማውለቅ ያስቸግራል፣ አሠራሩ ጥሩ ባልሆነው ውስጥም የተተነፈሰው አየር በሚገባ አይወጣም። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ከዓይኑ ቁጥር ጋር የተስማማ የውኃ መነጽር እንዳላቸው አስቀድሞ አዘጋጆቹን ይጠይቅ።

አስም፣ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪም ያማክር።

ቦታውን፣ ወቅቱንና አዘጋጁን መምረጥ

ለእኛ ቅርቡ የጅቡቲ ባሕር ነው። ከከተማው ፊት ለፊት ያሉት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ኮራል አላቸው፤ ወቅቱም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አቧራ ያዘለ ነፋስም ይነሣል። በኬንያ በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዋታሙ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ የታወቀ ሲሆን፣ ውኃው የሚጠራው ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲመጣ ባሕሩ ይታወካል። በግብፅ ከማርሳ ዓለም በስተ ሰሜን ያለው የአቡ ዳባብ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ አረንጓዴ ኤሊዎች በሣሩ ላይ ሲመገቡ በብዛት የሚታዩበት ነው፤ ቦታው በጎብኚ የተጨናነቀ ስለሆነ ማለዳ መግባት ይመረጣል።

በዛንዚባር፣ በተለይ በኑንግዊ አካባቢ፣ ኤሊዎች በተከለለ ኩሬ ውስጥ ተይዘው ጎብኚ አብሯቸው የሚዋኝበትና በእጁ የሚመግብበት አሠራር አለ። ይህ ከዱር ኤሊ ጋር መዋኘት አይደለም። ስለዚህ «ኤሊ በእርግጠኝነት ታያላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥምዎ ጥያቄ ሊፈጥርብዎ ይገባል፤ የዱር እንስሳ ቀጠሮ አታከብርምና እውነተኛ አዘጋጅ ይህን አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አዘጋጁን የሚከተሉትን ይጠይቁ። አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይመራል? ከ6 በላይ ከሆነ ለጀማሪ ብዙ ነው። አስጎብኚው ራሱ ውኃ ውስጥ ይገባል ወይስ ከጀልባ ሆኖ ያመለክታል? ጀልባዋ መልሕቅ ኮራል ላይ ትጥላለች ወይስ አስቀድሞ ከተተከለ ተንሳፋፊ ጋር ትታሰራለች? ኤሊዎች በሚገኙበት ስፍራ ፍጥነቷን ትቀንሳለች? ለመተንፈስ የወጣች ኤሊ በጀልባ መገጨቷና በሞተር ምላጭ መቆረጧ ከታወቁት የጉዳት ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ምግብ ጥለው ኤሊ የሚጠሩ፣ ወይም ማስታወቂያቸው ላይ ቅርፊት ይዞ የሚጋልብ ሰው ፎቶ የለጠፉ አዘጋጆች ጋር አይሂዱ።

ስለ ጉርሻም በግልጽ እንነጋገር። አስጎብኚው ኤሊዋን የሚያሳድደው ወይም አንሥቶ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ እንግዳው ደስ ብሎት ጉርሻ እንዲጨምርለት ሲል ነው። ስለዚህ ጀልባዋ ሳትነሣ «ኤሊ ባናይም ጉርሻህ አይቀርም፤ እንድትነካብን ግን አንፈልግም» ብሎ መንገር ከየትኛውም የተጻፈ ደንብ በላይ ይሠራል። ይህን የሚናገር ከቡድኑ መካከል አንድ ጎልማሳ አስቀድሞ ይመረጥ፤ በጅቡቲ ፈረንሳይኛ፣ ሶማሊኛ፣ ዐፋርኛ ወይም ዐረብኛ የሚችል ሰው ካለም ጥሩ ነው።

የጉብኝቱ ዕለት ጠዋት

ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ፣ ውኃ በብዛት ይጠጡ። በጾም ወራት፣ በተለይም በረመዳን፣ ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ሙቀት ለሰዓታት መዋኘት ለድካምና ራስን ለመሳት ያጋልጣል፤ የሚጾም ሰው ጉብኝቱን ወደ ሌላ ጊዜ ቢያዛውር ይሻለዋል። ጫት ቅሞ ወይም አልኮል ጠጥቶ ባሕር መግባት ጨርሶ አይፈቀድ።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ካለብዎ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሌሉበትን፣ በዚንክ ኦክሳይድ የተሠራውን ይምረጡ፤ የሃዋይ ግዛት ሁለቱ ኬሚካሎች ያሉባቸው ቅባቶች እንዳይሸጡ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው ለኮራል በማሰብ ነው። ከመግባትዎ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድመው ይቀቡት፤ ጀርባና ክንድን ግን በጨርቅ መሸፈን ከሁሉ ይበልጣል። ቀለበት፣ አምባርና የተንጠለጠለ ጌጥ አውልቀው ይተዉ።

ፌስታል ወደ ጀልባ አይግባ። የቦርከና ወንዝ ከእኛ ከተሞች የሚያጥበው ቆሻሻ አዋሽ ውስጥ ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም፤ በጀልባ ላይ ነፋስ የነጠቀን ፌስታል ግን የሚያስቀር ሐይቅ የለም። የባሕር ኤሊዎች ፕላስቲክ እንደሚውጡና አንጀታቸው እንደሚዘጋ በሚገባ የተረጋገጠ ነው።

ከመግባትዎ በፊት አስጎብኚው የሚሰጠውን ማብራሪያ በትኩረት ያዳምጡ፤ የእጅ ምልክቶቹን አብረው ይድገሙ። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ክብ መሥራት «ደኅና ነኝ» ማለት ነው። መዳፍን ዘርግቶ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ «ችግር አለ»፣ አንድ ክንድ አንሥቶ ማውለብለብ «ርዳታ» ይባላል። እኛ ለ«በጣም ጥሩ» የምናሳየው ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት በጠላቂዎች ዘንድ «ወደ ላይ እንውጣ» የሚል ትርጉም ስላለው በውኃ ውስጥ አይጠቀሙበት። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ጥንድ ይያዝ፤ ጥንዶች በምንም ምክንያት አይለያዩ።

ወደ ውኃው መግባት

ከጀልባ ዘለው አይግቡ፤ በመሰላል ቀስ ብለው ይውረዱ። ድምፁና አረፋው ኤሊዋን ከማራቁም በላይ መነጽርዎንም ያስወልቃል። መነጽሩን እንፋሎት እንዳይሸፍነው ውስጡን በምራቅ አሽተው በባሕሩ ውኃ ያለቅልቁት። ከገቡ በኋላ ወዲያው ኤሊ ፍለጋ አይሂዱ፤ መሰላሉን ወይም የጀልባዋን ገመድ ይዘው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይተንፍሱ፣ መነጽሩ የሚያስገባ ከሆነ ያስተካክሉ፣ ጨዋማው ውኃ ከገንዳው ይልቅ እንደሚያንሳፍፍዎ ይመልከቱ። አስጎብኚው ውኃው ወደየት እንደሚፈስ ያሳይዎት፤ በመጀመሪያ ፍሰቱን ተጋፍቶ መሄድ፣ ሲመለሱ ከእርሱ ጋር መምጣት የድካምን አደጋ ይቀንሳል። ከሥርዎ ያለው ውኃ ቢቆሙበት ደረትዎ የማይደርስ ከሆነ ወደዚያ አይሂዱ፤ የፊንዎ ጫፍ ኮራል ይሰብራል፣ አሸዋም ያስነሣል።

ኤሊዋ ስትታይ

ኤሊ እንዳዩ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር መቆም ነው። ወደ እርሷ አይዋኙ። ባሉበት ተንሳፈው ምን እያደረገች እንዳለች ይመልከቱ፤ እየተመገበች ነው፣ ተኝታለች፣ እየተጓዘች ነው ወይስ ለመተንፈስ እየወጣች ነው? ቀጥሎ የሚያደርጉት ሁሉ በዚህ ይወሰናል።

እየተመገበች ከሆነ መቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን ከፊት ለፊቷ፣ ከኋላዋ ወይም ከአናቷ በላይ ሳይሆን፣ ልታይዎ በምትችልበት በጎኗ በኩል፣ በዝግታ ይሁን። በየአገሩ ያሉ የጥበቃ ምክሮች ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ ይላሉ፤ ጀማሪ 5 ሜትር ቢይዝ የተሻለ ነው። በመነጽር ውስጥ የሚታይ ነገር ሁሉ ከእውነተኛ ርቀቱ በአንድ አራተኛ ያህል ቀርቦ ስለሚታይ፣ ዓይንዎ 3 ሜትር ያለው በእውነቱ 4 ሜትር ያህል ነው፤ ስሕተቱ ለኤሊዋ ያደላ ነውና ዓይንዎን ይመኑ። ከላይዋ መቆም የተከለከለው በሁለት ምክንያት ነው፤ ከላይ የሚወርድ ጥላ ያስበረግጋታል፣ ለመተንፈስ የምትወጣበትንም መንገድ ይዘጋባታል።

ተኝታ ከሆነ፣ በተለይ በድንጋይ ሥር ወይም በኮራል ጉድጓድ ገብታ ከሆነ፣ ከሩቅ አይተው ይለፉ። ወደ እርሷ ጠልቆ መውረድ በምንም መንገድ አይገባም። በአጠቃላይም ቢሆን ጀማሪ ትንፋሹን ይዞ ወደ ታች መጥለቅ አያስፈልገውም፤ ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ የሚባለው ልማድም ሰውን ውኃ ውስጥ ራሱን እንዲስት የሚያደርግ አደገኛ ነገር ነው።

እየተጓዘች ከሆነ አይከተሏት። ይህ ትእዛዝ ለሰው ሁሉ ይከብዳል፤ የምትሄደው በዝግታ ስለሚመስል አብሯት መዋኘት የሚቻል ይመስላል። ሆኖም ኤሊዋ በሚከተሏት ሰዎች ምክንያት አቅጣጫዋን ከቀየረች ጉዞዋ ሽሽት ሆኗል። በጎኗ፣ ርቀቱን ጠብቆ፣ እርሷ በመረጠችው አቅጣጫ ለጥቂት ጊዜ መሄድ ይቻል ይሆናል፤ ከፊቷ ዞሮ መንገድ መቁረጥ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ወደ ላይ መውጣት ስትጀምር ሁሉም ሰው ባለበት ይርጋ፤ ከመንገዷ ላይ ያለ ሰው ዝም ብሎ ወደኋላ ይቅዘፍ። ጭንቅላቷን አውጥታ ጥቂት ጊዜ ትተነፍስና ትመለሳለች። እነዚህ ሴኮንዶች ለእርሷ ሕይወት ናቸው፤ ጩኸት፣ ሳቅና ጣት መቀሰር አይኑር። አንዳንድ ኤሊ ራሷ ወደ ሰው ትቀርባለች። በዚህ ጊዜ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው፣ እግርዎን አቁመው ይጠብቁ፤ በገንዳ የተለማመዱት መቆም የሚጠቅመው አሁን ነው። ቀረበችኝ ብሎ መንካት አይፈቀድም፤ በብዙ አገሮችም የባሕር ኤሊ መንካትና ማወክ በሕግ ያስቀጣል።

መታወኳን የሚያሳዩ ምልክቶችን ማወቅ ይጠቅማል። መብላቷን አቋርጣ ጭንቅላቷን ብታቀና፣ የፊት መቅዘፊያዋን በፊቷ ላይ ደጋግማ ብታሻሽ፣ በድንገት ብትዞር ወይም ፈጥና ብትፈተለክ በቅታታለች ማለት ነው፤ ቡድኑ በሙሉ ወደኋላ ይመለስ። ምልክት ባታሳይም ከአንዲት ኤሊ ጋር ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ አለመቆየት ተገቢ ይመስለኛል፤ ከእርስዎ በፊት ሌላ ጀልባ ነበረ፣ ከእርስዎም በኋላ ይመጣል። ሌላ ቡድን አስቀድሞ ከከበባት ተራ አይጠብቁ፤ ሌላ ቦታ ይሂዱ። ቡድንዎም ከአንድ ጎኗ ብቻ ይሁን፤ በክብ መክበብ መውጫ ያሳጣታል።

ካሜራን በሚመለከት፣ በውኃ ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ጀማሪ ሚዛኑንም ርቀቱንም ይረሳል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያለ ካሜራ ያሳልፉ። ሲያነሡ ብልጭታውን ያጥፉ፤ ካሜራ የተሰካበትን ዘንግ ወደ ፊቷ መዘርጋት እጅን ከመዘርጋት አይለይም።

ችግር ሲፈጠር

ድካም፣ ብርድ ወይም የእግር ጡንቻ መሸማቀቅ ከተሰማዎ ለጥንድዎ ምልክት ሰጥተው በጀርባዎ ይንሳፈፉ፤ ቱቦውን ከአፍዎ አውጥተው በእርጋታ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ርዳታ ይጥሩ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ምንም ያህል ቢያፍር ወዲያው ከውኃ ይውጣ። ለመቆም የግድ ከሆነ አሸዋ ፈልገው ይቁሙ እንጂ ኮራል አይርገጡ፤ ኮራል ሕያው ነው፣ የሚያደርሰው ጭረትም ቶሎ ያመረቅዛል።

መረብ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር የተጠመጠመባት፣ መንጠቆ የዋጠች፣ ወይም መጥለቅ አቅቷት ጎኗን አጋድላ የምትንሳፈፍ ኤሊ ካዩ ለመርዳት አይሞክሩ። ክሩን መጎተት የውስጥ አካሏን ሊቆርጥ ይችላል፤ የፈራች ትልቅ ኤሊ ንክሻዋም ቀላል አይደለም። ያለችበትን ቦታ ይዘው ለአስጎብኚው ያሳውቁ፤ እርሱ ለአካባቢው የባሕር ጥበቃ ሠራተኞች ያስተላልፋል። ማታ በባሕር ዳርቻ ሲዘዋወሩ እንቁላል ልትጥል የወጣች ኤሊ ብታጋጥምዎ ባትሪና የስልክ መብራት አጥፍተው ከኋላዋ በኩል ይራቁ።

ከውኃ ከወጡ በኋላ

መነጽሩን፣ ቱቦውንና ፊኑን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በጥላ ያድርቁ። ጆሮዎ ውስጥ ውኃ ከቀረ ጭንቅላትዎን አዘንብለው ያፍስሱት እንጂ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት አይጎርጉሩት።

በስኖርክል ብቻ የዋኘ ሰው በዚያው ቀን በአውሮፕላን ቢሳፈር ወይም ወደ ደጋ ቢወጣ ችግር የለውም። በዚያው ጉዞ በጀርባ በሚታዘል የአየር ጋን የጠለቀ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጠላቂዎች ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ እንዲቆዩ ይመከራሉ፤ የደሴ ከፍታ ደግሞ በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጡ ከሚጠበቅበት የአየር ግፊት ከፍታ የማይተናነስ ስለሆነ፣ በመኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ባቲን አልፎ ወደ ደሴ ለሚወጣ ሰውም ይኸው የጥበቃ ጊዜ መከበር አለበት። የባሕሩ ዳርቻ አስጎብኚዎች የቤትዎን ከፍታ ስለማያውቁ ይህን ራስዎ ሊነግሯቸው ይገባል።

በገበያ ላይ ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ አምባር፣ ማበጠሪያ ወይም የመነጽር ፍሬም ቢቀርብልዎ አይግዙ። የሚሠራው በአብዛኛው ከሆክስቢል ነው። ሁሉም የባሕር ኤሊዎች ዓለም አቀፍ ንግድ በሚከለክለው በሳይተስ ስምምነት የመጀመሪያ አባሪ ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ስለሆነች፣ ዕቃው በቦሌም ሆነ በጋላፊ ፍተሻ ላይ ከተገኘ መወረስንና ክስን ያስከትላል።